ለፔጆዋ የብስክሌት መጫኛ ስንመርጥ

ቤይሩት፣ ዓይን ኤል ረማነህ ሠፈር በገባሁ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ፣ ፋሲካ አካባቢ፣ ሁለት ብስክሌቶች እቤታችን ገቡ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። «እቤታችን» የምለው የአሠሪዎቼን ቤት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን የወለል ንጣፍ በእጄ ያወቅሁትን ቤት ሌላ ምን ብዬ ልጥራው?

ብስክሌቶቹን የገዛው ሚስተሩ ነው፤ ለሁለቱ ሴት ልጆቹ። ትልቋ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ትንሿ ስምንት። ሚስተሩ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦሜትሪ አስተማሪ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ነገር ሁሉ ካልተለካ የማይዋጥለት ሰው። ሽንኩርት ስከትፍ እንኳ አጠገቤ ቆሞ «እኩል አይደለም» ይለኝ ነበር። ማዳሜ ደግሞ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። አጭር፣ ፈጣን፣ ከማሰቧ በፊት የምትወስን ሴት ናት። እንዴት እንደተጋቡ ለብዙ ጊዜ ይገርመኝ ነበር።

ጦርነቱ ካበቃ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ትልቋ ልጅ ግን ሕፃንነቷን ያሳለፈችው ኮሪደር ውስጥ ነው፤ መስኮት የሌለው እሱ ብቻ ስለነበር ተኩስ ሲኖር ቤተሰቡ በሙሉ እዚያ ይተኛ ነበር አሉ። እናም ብስክሌቱ ሲመጣ የት እንደምትነዳው ማንም ሳይነግራት ኮሪደር ውስጥ ነዳችው። ከወጥ ቤቱ በር እስከ መታጠቢያ ቤቱ በር፣ ደርሶ መልስ። መንገዱ ላይማ አይታሰብም፤ ሠፈራችን መኪና በመኪና ላይ የተደረደረበት፣ የእግረኛው መሄጃ እንኳ በሱቆች ዕቃ የተያዘ ነው። እኔ መወልወያዬን ይዤ ግድግዳ ላይ እለጠፋለሁ፣ እነሱ ያልፋሉ። በሦስተኛው ቀን ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት አሮጊት ወጥተው በሩን አንኳኩ።

«ያኒ፣ ቤታችሁ ውስጥ ባቡር አስገብታችኋል?» አሉ።

ማዳሜ እንደ ልማዷ ሳታስብ ወሰነች። «ኸላስ፣ በቃ! ከእሁድ ጀምሮ ኮርኒሽ እንሄዳለን» አለች። ኮርኒሽ የቤይሩት የባሕር ዳር መንገድ ነው፤ ሰፊ፣ ለጥ ያለ፣ ሰው ሁሉ እሁድ እሁድ ነፋስ የሚቀበልበት።

የመጀመሪያው እሁድ ሚስተሩ ሁለቱን ብስክሌቶች በአሮጌዋ ነጭ ፔጆ የኋላ ኮፈን ውስጥ ከተታቸው። ግማሻቸው ውጭ ቀረ። ኮፈኑን በእኔ የልብስ ማስጫ ገመድ አሰረው። የምግቡን ቅርጫት ይዤ ቆሜ ቋጠሮውን አየሁና ልቤ ፈራ።

ምክንያቱም እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ደሴ መናኸሪያ ጫኝና አውራጅ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ነው፤ ፖርቶ መጋላው ላይ። ጆንያ፣ አልጋ፣ በግ፣ አንድ ጊዜም የሙሽራ ቁም ሣጥን ከነመስተዋቱ ጭኖ እስከ አዲስ አበባ ሳይሰበር ደርሷል። ልጅ ሆኜ ምሳ ይዤለት ስሄድ መሰላሉን ያስወጣኝና ገመድ ያስይዘኝ ነበር። «ጭነት ክብደት አይጥለውም፣ መንቀጥቀጥ ነው የሚጥለው» ይል ነበር። የሚስተሩ ቋጠሮ ደግሞ የጫማ ክር ቋጠሮ ነው።

ግን ቅርጫቴን ይዤ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ያልተጠየቅሁትን መናገር አልለመድኩም፤ የተማረ ሰው ደግሞ ነው።

ጣዩኔ የሚባለውን አደባባይ ስንዞር ከኋላችን አንድ ሰርቪስ፣ ማለት የጋራ ታክሲ፣ ጡሩምባውን ይነፋ ጀመር። ቤይሩት ውስጥ ጡሩምባ ሰላምታ ነው፣ ማንም አይዞርም። ሚስተሩም እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላም አለው። ሾፌሩ ግን አልተወንም፤ ጎናችን መጥቶ መስታወቱን አወረደና፣

«ያ ኡስታዝ! ብስክሌትህ እየተከተለህ ነው፤ ቆመህ አሳፍረው እንጂ!» አለ።

ወርደን ስናይ ቀዩ ብስክሌት በአንድ ጎማው ብቻ ተንጠልጥሎ አስፋልቱን ሲያርስ መጥቷል። ፔዳሉ ግማሹ አልቋል። የትንሿ ነበርና ልጅቷ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ኮርኒሽን ሳናይ ተመለስን፤ ቀዩን ብስክሌት እኔ እግሬ ሥር አድርጌ፣ ሰማያዊውን ልጆቹ ጭናቸው ላይ አጋድመው።

ከምሳ በኋላ ወጥ ቤት ሆኜ ሚስተሩ «ፖርት ቬሎ እንገዛለን» ሲል ሰማሁ። በፈረንሳይኛ የብስክሌት መጫኛ ማለት ነው። ፈረንሳይኛ ከ«ሚርሲ» በቀር አላውቅም፤ «ፖርት» ሲል ግን የአባቴ ፖርቶ መጋላ ወዲያው መጣልኝና ሳህን እያጠብኩ ብቻዬን ሳቅሁ። የእነሱ ፈረንሳይኛና የእኛ መናኸሪያ አንድ አያት ኖሯቸዋል።

ሚስተሩ ነገሩን ሁለት ሳምንት አጠናው። ፔጆዋን ከጎንና ከኋላ፣ በካሬ ወረቀት ላይ፣ በማስመሪያ ሳላት። ሥዕሎቹን ፍሪጁ ላይ ለጠፈ። ሦስት ዓይነት መጫኛ አለ ብሎ አስረዳን፤ እንደ ክፍል ተማሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ። አንደኛው ጣሪያ ላይ የሚውል ነው። ሁለተኛው በቀበቶ ከኋላው ኮፈን ላይ የሚታሰር። ሦስተኛው ከመኪናው ሥር በሚወጣ የመጎተቻ መንጠቆ ላይ የሚሰካ።

ማዳሜ ወረቀቱን ሳታይ «የጣሪያው» አለች። «በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ ተራራ የሚወጡት ሰዎች መኪና ይመስላል። ያምራል።»

«የሕንፃው ጋራዥ መግቢያ ዝቅተኛ ነው» አለ ሚስተሩ። «ብስክሌቱ ላይ ሆኖ ከገባን ጣሪያውን ይመታል።»

«ከመግባታችን በፊት ታወርደዋለህ።»

«አንድ ቀን ብረሳስ?»

«አንተ አትረሳም።»

«እኔን ትምህርት ቤት ረስቶኝ ያውቃል» አለች ትንሿ። ያን ቀን ስብሰባው በዚያ ተዘጋ።

ቅዳሜ ማር ሚካኤል ሄድን። ያኔ ማር ሚካኤል የጋራዦችና የመለዋወጫ ሱቆች ሠፈር ነበር፤ መንገዱ በሙሉ ዘይት ዘይት ይሸታል። ትንሿ እጄን አልለቅ ስላለች እኔም ተወሰድኩ። ባለ ሱቁ ፀጉሩን ቅባት ያጠጣ፣ የምንነካውን ሁሉ የሚያደንቅ ሰው ነው። ማዳሜ አንዱን ስትነካ «ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው፣ ማዳም» ይላል፤ ሚስተሩ ሌላውን ሲለካ «ልክ ነህ ኡስታዝ፣ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው» ይላል።

መጀመሪያ የቀበቶውን ፔጆዋ ላይ አሰረልን። ቀበቶዎቹ የኮፈኑን ስስ ጠርዝ በትንንሽ መንጠቆ ነክሰው ይይዛሉ። ሚስተሩ ሜትሩን ዘርግቶ ቁመቱን ይለካል። እኔ ቀበቶውን ሳይ አባቴ በሐሳቤ መጣና ሳላውቀው ፈገግ ብያለሁ።

ማዳሜ አየችኝ። «ሹ? ምን ያስቅሻል?»

«ምንም ማዳም።»

«ተናገሪ፣ ያላ፣ ቶሎ በይ።»

«ልነቅንቀው?» አልኩ።

ባለ ሱቁ ሳቀ፤ ሚስተሩ ግን ሜትሩን አጥፎ ገለል አለልኝ። መጫኛውን በሁለት እጄ ያዝኩና ከደሴ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ እንዳለ ጭነት ነቀነቅሁት። በሦስተኛው ቀበቶው ተንሸራተተ፣ በአምስተኛው አንዱ መንጠቆ ቷ ብሎ ተፈናጠረ።

«እንዲህ የሚነቀንቅ መንገድ እኮ የለም!» ብሎ ጮኸ ባለ ሱቁ።

ሚስተሩ በመነጽሩ አሻግሮ አየውና «አንተ የምትኖረው ቤይሩት አይደለም እንዴ?» አለው። ጦርነቱ በተወው ጉድጓድ ላይ ለአዲሱ የውኃ ቧንቧ የተቆፈረው ተጨምሮ፣ የዚያን ጊዜ መንገድ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቅ ነበር። ባለ ሱቁ ራሱ ሳቀ።

ቀጥሎ የጣሪያውን አሳየን። ባለ ሱቁ እያቃሰተ አንድ ብስክሌት ከአናቱ በላይ አንስቶ ጣሪያው ላይ አቆመው። እውነትም ያምር ነበር፤ ፔጆዋ ዘውድ የደፋች መሰለች። ማዳሜ እጇን አጨበጨበች። አሁንም አፌ ቀደመኝ።

«ማን ነው የሚያነሳው?»

ሚስተሩ ወገቡን ያመዋል፤ በክረምት ለሳምንታት ወለል ላይ ተጋድሞ የፈተና ወረቀት ሲያርም ወገቡን የማሽለት እኔ ነኝ። ማዳሜ ቁመቷ ትከሻዬ ላይ አይደርስም። ልጆቹ ልጆች ናቸው። እንግዲህ ሁሉም፣ ባለ ሱቁ ጭምር፣ ዓይናቸውን ቀስ እያደረጉ ወደ እኔ አዞሩ። እኔ ረጅም ነኝ፣ ክንዴም ጠንካራ ነው። አነሳው ነበር።

«እኔ ላነሳው እችላለሁ» አልኩ። «እኔ የሌለሁ ቀንስ?»

«የት ልትሄጂ?» አለች ማዳሜ።

በክፋት አልነበረም የጠየቀችኝ። ከልቧ ነው የጠየቀችው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ እነሱ ከበሩ ወጥቼ አላውቅማ። ጆሮዬ ጋለ። «ቤተ ክርስቲያን» ብዬ መለስኩ፤ ከየት እንደወጣኝ እኔም አላውቅም።

ትልቋ ልጅ፣ ገና ወጣትነት የጀማመራት፣ ክርክር የሚጥማት፣ «መሄድ አለባት እኮ፣ ማማ። አንቺስ እሁድ እሁድ ትሄጂ የለ?» አለች።

ማዳሜ ፊቷ ቀላ። «እቤት እንነጋገራለን» አለች። ሚስተሩ ካሬ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና የጣሪያውን ሥዕል በእርሳስ ሰረዘው። «ትክክለኛው መጫኛ» አለ፣ አስተማሪ ድምፁን አውጥቶ፣ «በቤተሰቡ ውስጥ አጭሩ ሰው ብቻውን ሊጠቀምበት የሚችለው ነው።» ማዳሜ ክርኗን ጎኑ ላይ ሰካችለት።

ስለዚህ ሦስተኛውን መረጥን። ችግሩ ፔጆዋ መጎተቻ መንጠቆ አልነበራትም፣ የሱቁ መጫኛ ምሰሶም ረዝሞባታል። ባለ ሱቁ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ወዳለ በያጅ ላከን።

በያጁ ጥቁር መነጽር ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ አርመናዊ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቤይሩት ኖረው አረብኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። ሚስተሩን «አንቺ ዞር በዪ፣ ብልጭታው ዓይንሽ ይገባል» አሉት። እኔን ደግሞ «አንተ ጠንካራ ነህ፣ ና ብረቱን ያዝ» አሉኝ። ልጆቹ በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ። እኔ ግን ሰው አገኘሁ አልኩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሚስተሩን «አንቺ» ስለው ኖሬ ገና መታረሜ ነበር።

«ከየት ነህ?» አሉኝ ብረቱን እያጋሉ።

«ሐበሻ ነኝ። ከኢትዮጵያ።»

እጃቸውን ከሥራው አነሱ። «ሐበሻ! የእኛና የእናንተ ቤተ ክርስቲያን እኮ እህትማማች ናቸው» ብለው አማተቡ፤ ከዚያ ወደ ሚስተሩ ዞረው፣ «ሰምተሻል? ዘመዴ ነው» አሉት።

ምሰሶው የት ላይ ይቆረጥ ሲባል ሚስተሩ ማስላት ጀመረ። እኔ ማዳሜን እጇን ይዤ ከመኪናው ኋላ አቆምኳትና «እዚህ» አልኩ፣ ወገቧን እያሳየሁ። ሽማግሌው በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ሚስተሩ ስሌቱን ሲጨርስ በሁለት ሴንቲሜትር ብቻ ይለያል። ለዓመታት ያቺን ሁለት ሴንቲሜትር ለእንግዳ ሁሉ ሲያወራ ኖሯል።

መጫኛው ሲበየድ፣ ብሎኑ ሲጠብቅ፣ ተራው የእኔ ነበር። ሁለቱን ብስክሌቶች ሰቅዬ ነቀነቅኩት። ፔጆዋ ከነጎማዋ ተወዛወዘች፤ መጫኛው ንቅንቅ አላለም። ሽማግሌው «በል ይበቃሃል፣ መኪናውን ትገለብጠዋለህ» አሉኝ።

በማግስቱ ስንሄድ ግን የወታደር ኬላው፣ እነሱ ሐጂዝ የሚሉት፣ አስቆመን። ያን ሁሉ ስንለካ አንድ ነገር አልለካንም ኖሯል፤ ብስክሌቶቹ ታርጋውን ሙሉ በሙሉ ሸፍነውታል።

«ታርጋችሁስ?» አለ ወታደሩ፣ ዙሪያችንን ዞሮ ካየ በኋላ።

ሚስተሩ ወርዶ ሊያስረዳ ሲሞክር ወታደሩ ወደ ውስጥ አየና ዓይኑ እኔ ላይ ቆመ። የእኔ ፓስፖርት ማዳሜ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፤ እንደዚያን ጊዜ ሠራተኛ ሴቶች ሁሉ። ማዳሜ ግን በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ከእኛ ጋር ናት። መጫኛውን የመረጠችውም እሷ ናት» አለች።

«እሷ?» አለ ወታደሩ። ተመልሶ ሄዶ መጫኛውን ጨበጠና ወዘወዘው። እንደገና ወዘወዘው። «ወላህ፣ ጠንካራ ነው» አለ። «ወንድሜ ሁለት ልጆች አሉት። የት አሠራችሁት?» ሚስተሩ የሽማግሌውን ጋራዥ በካሬ ወረቀት ላይ ካርታ ሥሎ ሰጠው። በሌላ ወረቀት ላይ ወታደሩ የታርጋውን ቁጥር በትልቁ አስጽፎን ከሰማያዊው ብስክሌት ኮርቻ ላይ በሲባጎ አሠርንና አለፍን። ሲባጎውን የቋጠርኩት እኔ ነኝ።

ኮርኒሽ ስንደርስ ባሕሩ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ነበር። ማዳሜ «እኔ ላውርድ» ብላ ሁለቱንም ብስክሌት ራሷ አወረደች፣ እንደ ዋንጫ ብድግ አድርጋ። ልጆቹ በረሩ። ትልቋ ከኮሪደሩ ውጭ ስትነዳ የመጀመሪያዋ ነው፤ ግድግዳ እስኪመጣ ድረስ የምትጠብቅ ይመስል ትንሽ ሄዳ ትቆም ነበር። ግድግዳ እንደሌለ ሲገባት ግን ድምጿን አውጥታ ጮኸች፤ ሚስተሩ መነጽሩን አወለቀና ሸሚዙ ላይ ለረጅም ጊዜ ወለወለው።

እዚያ ነው ያገኘኋት። አንዲት የእኔ እኩያ ሴት አንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ስትመጣ አየኋት። እሷም አየችኝ። አላመነታችም።

«አገርሽ የት ነው፣ እህቴ?» አለችኝ በአማርኛ።

ከአሠሪዬ ቤት ስልክ ውጭ አማርኛ በጆሮዬ ከገባ ስንት ጊዜው! «ደሴ» አልኩ፣ እንባዬ መጣ።

«እኔ ጎንደር። ምን ያስለቅስሻል? ዛሬ እሁድ ነው!» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ በኋላ እሁድ በመጣ ቁጥር እየተገናኘን፣ እሷ ወንበሯን እየገፋች፣ እኔ የትንሿን ጃኬት ይዤ፣ የሳምንቱን ወሬ እናራግፍ ነበር። ኢትዮጵያውያን ተሰባስበው የሚያስቀድሱበት ቦታ እንዳለ የነገረችኝም እሷ ናት። ማዳሜ «እቤት እንነጋገራለን» ያለችው ነገር ወር ተኩል ቢወስድባትም ተነጋገርን፤ በወር አንድ እሁድ ብቻዬን እንድሄድ ፈቀደች። የመጀመሪያውን ቀን ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ አራቱም በረንዳ ላይ ቆመው ሸኙኝ፣ ወደ ማርስ የምሄድ ይመስል። ሚስተሩ የሰርቪሱን መንገድ አስቀድሞ በካሬ ወረቀት ሥሎልኛል።

በጋው ሊያልቅ ሲል አንድ እሁድ ልጆቹ ደክሟቸው ባሕሩ ዳር ካለው አጥር ላይ ተቀምጠው ሳለ ማዳሜ ሰማያዊውን ብስክሌት መሪውን ይዛ ቆመች። ታያለች፣ ትተወዋለች፣ እንደገና ታያለች።

«አልችልም እኮ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በልጅነቴ ልንማር ስንል ጦርነቱ መጣ።»

«ይውጡ፣ ማዳም» አልኩ። «እኔ እይዛለሁ።»

ኮርቻውን ከኋላ ያዝኩና ሮጥኩ። እሷ ስትጮህ፣ እኔ ስሮጥ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያይ፣ ሦስት ጊዜ ሄድን ተመለስን። በአራተኛው ለቀቅኋት። እንደለቀቅኋት ሳታውቅ ረጅም መንገድ ሄደች፤ ስታውቅ ወደቀች። ጉልበቷ ተልጦ ተነሥታ፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተበትኖ፣ የምትስቀው ሳቅ የትንሿ ልጅ ሳቅ ነበር።

«አሁን ያንቺ ተራ» አለች።

«ኧረ እኔ አልችልም!»

«ያላ!» አለችና ኮርቻውን ያዘች። ትከሻዬ ላይ የማትደርስ ሴት እኔን ደግፋ ልትሮጥ! ጎንደሬዋ ጓደኛዬ ወንበሩን አቁማ፣ ከአሮጊቷ ጋር ሆና ታጨበጭባለች። ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ። ማዳሜ ገፋችኝ፣ ሮጠች፣ እስትንፋሷ አለቀ፣ ለቀቀችኝ። ነፋሱ ፊቴን መታኝ፤ ባሕሩ በቀኜ ይሮጣል፣ ሰው ገለል ይልልኛል። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ፍሬኑ የቱ እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም።

በሰሊጥ የተነሰነሰ ካዓክ የሚባለውን ዳቦ በጋሪ የሚሸጥ ሰውዬ ፊት ለፊቴ ነበር። ጋሪውን ገጭቼ ቆምኩ፤ ሦስት ዳቦ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። ሰውዬው ሊቆጣ አፉን ከፈተና አራት ሰዎች፣ ከዚያም አንዲት ወንበር የምትገፋ ሴት ከነአሮጊቷ፣ ከኋላዬ እየሮጡ ሲመጡ አይቶ መልሶ ዘጋው።

«የመጀመሪያ ቀንሽ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

ከጋሪው ትኩሱን አንዱን አንስቶ በእጄ አስያዘኝ። «እንግዲያው ተቀመጪና ብዪ፣ እየበላሽ አትነጂም» አለ። ሚስተሩ ለሁላችንም ካዓክ ገዛ፤ ለጓደኛዬም ለአሮጊቷም ጭምር። አጥሩ ላይ ተደርድረን፣ ሰሊጡን ቀሚሳችን ላይ እያራገፍን፣ ማን የበለጠ ርቆ እንደሄደ፣ እኔ ወይስ ማዳሜ፣ እየተጨቃጨቅን በላን። ሚስተሩ ሜትሩን ከኪሱ ሊያወጣ ሲል ሁላችንም በአንድ ድምፅ ጮኽንበት።